ዲጂታል የአእምሮ ጤና ድጋፍ ለተማሪዎች በኢትዮጵያ

ዲጂታል የአእምሮ ጤና ድጋፍ ለተማሪዎች ሲባል በስልክ፣ በኮምፒውተር ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ አማካይነት ለተማሪዎች የሚቀርብ የአእምሮ ጤና መረጃ፣ የልየታ መጠይቅ፣ ራስን የመርዳት ልምምድ፣ የምክር አገልግሎትና ከሕክምና ጋር የማገናኘት ሥራ ነው። ነጻ የስልክ መስመር፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ የቴሌግራም ቻናልና ቦት፣ የሞባይል መተግበሪያ፣ የድምፅ ቅጂና በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ቻትቦት በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። በኢትዮጵያ የእነዚህ መሣሪያዎች ጥቅም በአብዛኛው የሚለካው በሁለት ነገር ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ያህል ይሠራሉ፣ ተማሪውንስ ሊረዳው ከሚችል ሰው ጋር ያገናኛሉ ወይ? ይህ በተለይ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ጦርነትና የአገልግሎት መቋረጥ በተፈራረቀባቸው በላስታ፣ በላሊበላና በአጎራባች የወሎ ደጋማ ወረዳዎች በግልጽ ታይቷል።

ዳራ

የአገሪቱ አንጋፋ የአእምሮ ሕክምና ተቋም የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ሲሆን የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። የሳይካትሪ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን በ1995 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት በሙያው ስፔሻሊስት ለመሆን የሚፈልግ ሐኪም ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ከላሊበላ እስከ አማኑኤል ያለው የመኪና መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ሲታሰብ፣ ለገጠር ተማሪ ስፔሻሊስት ማግኘት ምን ያህል ሩቅ ጉዳይ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ኤምኤችጋፕ የተባለው መርሐ ግብር ይህን ርቀት ለማጥበብ የታሰበ ነው። አሳቡ ቀላል ነው፦ በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አጭር ሥልጠና ወስደው የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞችን እንዲለዩና እንዲያክሙ ማድረግ። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ፤ ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2005 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም የተገነባው በዚሁ አሳብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መመሪያው በሞባይል መተግበሪያ መልክ ወጣ። ይህ መተግበሪያ የተዘጋጀው ለጤና ባለሙያው እንጂ ለተማሪው አይደለም፤ ሆኖም ተማሪው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚያገኘውን አገልግሎት ስለሚወስን ከተማሪ መተግበሪያዎች ያነሰ ቦታ ሊሰጠው አይገባም።

የተማሪዎች ጭንቀት

በዓለም ጤና ድርጅት ጥላ ሥር በ8 አገሮች በሚገኙ 19 ዩኒቨርሲቲዎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት 14 ሺሕ ያህል የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ከእነዚህ 35 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ የአእምሮ ጤና ችግር እንደገጠማቸው የሚያመለክት መልስ ሰጥተዋል። በኢትዮጵያ በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ደግሞ 21.6 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት ምልክት እንዳላቸው አሳይቷል። ሁለቱ ጥናቶች የተጠቀሙት መጠይቅም፣ የጠየቁት የጊዜ ርዝመትም የተለያየ ስለሆነ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ተገቢ አይደለም።

የኢትዮጵያ ተማሪ የራሱ የሆኑ የጭንቀት ምንጮችም አሉት። ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ከቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገብተው የሚወስዱት ሆኗል። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ወደ 900 ሺሕ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ውጤቱ የሚታየው በድረ ገጽ፣ በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ የመለያ ቁጥሩን አስገብቶ ውጤቱን በሰከንድ ውስጥ የሚያየው ተማሪ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። የሚያየውም ቁጥር ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ምን አማራጭ እንዳለውና ማንን ሊያናግር እንደሚችል በዚያው መልእክት ሥር ሁለት መስመር መጨመር የቴክኒክ ችግር የለበትም። በዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል።

የመሣሪያ ዓይነቶች

ነጻ የስልክ መስመር በኢትዮጵያ ረጅም ልምድ ያለው መንገድ ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው ወገን የተባለው የኤድስ የስልክ መስመር (952) ሰዎች ስማቸውን ሳይናገሩ ከሠለጠነ አማካሪ ጋር በነጻ እንዲነጋገሩ አድርጓል። የኮቪድ ወረርሽኝ ሲገባ 8335 በተመሳሳይ መልክ አገልግሏል። የሁለቱም ጥንካሬ አንድ ነው፦ ካርድ አይጠይቁም፣ ስማርት ስልክ አይጠይቁም፣ የደዋዩን ፊት አያዩም። በአንድ ቤት አንድ ተራ ስልክ ብቻ ላለው የላስታ ቤተሰብ ከዚህ የቀረበ ዲጂታል አገልግሎት ማሰብ ያስቸግራል።

አጭር የጽሑፍ መልእክትም በማንኛውም ስልክ ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ይወደዳል። አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ረዘም ብሎ ከተከፈለ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል። ስለዚህ 150 ፊደል ያለው የአማርኛ ማጽናኛ እንደ 3 መልእክት ሲቆጠር፣ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው የላቲን ጽሑፍ እንደ አንድ ይቆጠራል። ብዙ ድርጅቶች አማርኛን በላቲን ፊደል የሚልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የጨነቀው ሰው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እየፈታ እንዲያነብ መጠበቅ ግን ጥሩ ቁጠባ አይደለም።

በተማሪዎች ዘንድ በስፋት የሚሠራበት ቴሌግራም ነው። የትምህርት ማስታወሻ፣ የፈተና ወረቀትና የግቢ ማስታወቂያ የሚተላለፍበት ስለሆነ የአእምሮ ጤና መረጃም በዚያው መንገድ መድረሱ ተፈጥሯዊ ነው። ቻናል ላይ የሚወጣ የድምፅ ቅጂ ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ዳታ ይፈጃል፦ የ10 ደቂቃ ንግግር በጥቂት ሜጋባይት ይወርዳል። ጽሑፍ ደግሞ ከሁሉም ይቀልላል። የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አቀማመጥ በአንድ ፊደል 3 ባይት ቢፈጅም፣ በገጽ 1,500 ፊደል ያለው ባለ 100 ገጽ ጽሑፍ ከግማሽ ሜጋባይት ያነሰ ነው።

የሞባይል መተግበሪያዎች አብዛኞቹ በውጭ አገር የተሠሩና በእንግሊዝኛ የሚሠሩ ናቸው። የትንፋሽ ልምምድ፣ የስሜት ማስታወሻና የእንቅልፍ መከታተያ ይይዛሉ። ሙሉ አገልግሎታቸው በወር ክፍያ የሚገኝ ሲሆን የሚከፈለውም በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ነው፤ ይህም አብዛኛውን የኢትዮጵያ ተማሪ ከበሩ ይመልሳል። በነጻ ከሚገኙት መካከል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው በሥዕል የተደገፈ የጭንቀት መቋቋሚያ መመሪያ ይጠቀሳል። ከድምፅ ቅጂ ጋር የሚሰጠው ሲሆን፣ የተመሠረተበት ሥልጠና በሰሜን ኡጋንዳ በሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተፈትኖ ጭንቀትን መቀነሱ ታይቷል።

የሰው እገዛ ያለበት መተግበሪያ የተሻለ ውጤት እንዳለው የሚያሳይ ልምድም አለ። ስቴፕ ባይ ስቴፕ የተባለው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም በሊባኖስ ለሊባኖሳውያንና ለሶርያ ስደተኞች ሲቀርብ፣ ተጠቃሚው አምስት ክፍሎችን በስልኩ ይከታተላል፤ በየሳምንቱ ደግሞ ስፔሻሊስት ያልሆነ ነገር ግን የሠለጠነ ረዳት ለ15 ደቂቃ ያህል ያናግረዋል። በማካው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተዘጋጀ ቅጂም አለው። በጎረቤት ኬንያ ሻሚሪ የተባለው ፕሮግራም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኮምፒውተር የሚሰጥ የአንድ ጊዜ ትምህርት ሞክሯል። በ103 ተማሪዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሙከራ ከሁለት ሳምንት በኋላ የድባቴ ምልክቶች መቀነሳቸውን አሳይቷል። ትምህርቱ ስለ ሕመም አያወራም፤ ሰው ሊለወጥ እንደሚችል፣ ስለ ምስጋናና ስለ ራስ እሴት ነው የሚያወራው። የአእምሮ ሕመም የሚለው ቃል ብቻውን ተማሪን በሚያሸሽበት አካባቢ ይህ አቀራረብ ለኢትዮጵያም የሚጠቅም ይመስላል።

የልየታ መጠይቅና ትርጉሙ

በኢንተርኔት ላይ የድባቴ ምርመራ ተብለው ከሚሰራጩት አብዛኞቹ ከፒኤችኪው 9 የተወሰዱ ናቸው። መጠይቁ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስለሚሰጠው ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይሆናል። ለጭንቀት የሚያገለግለው ጋድ 7 ከ0 እስከ 21 ይደርሳል። ከሁለቱ በፊት በኢትዮጵያ ጥናቶች ብዙ የተሠራበት ደግሞ በአዎና አይደለም የሚመለሱ 20 ጥያቄዎች ያሉት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ነው።

ፒኤችኪው 9 በአዲስ አበባ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። 10 ነጥብ እንደ መቁረጫ ሲወሰድ መጠይቁ ድባቴ ካለባቸው ሰዎች 86 በመቶውን ይዟል፤ ከሌለባቸው ደግሞ 67 በመቶውን በትክክል ነጻ አድርጓል። እነዚህ ቁጥሮች ምን ማለት እንደሆኑ በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ዶርም ሕንፃ ውስጥ 100 ተማሪዎች አሉ፣ ድባቴ ያለባቸው 10 ናቸው እንበል። መጠይቁ ከአሥሩ 9 ያህሉን ይይዛል። ከቀሩት 90 ጤነኞች ግን 30 ያህሉን አብሮ ይይዛል። በአጠቃላይ 39 ተማሪዎች ስልካቸው ላይ ቀይ ምልክት ያያሉ፤ ድባቴ ያለባቸው ግን ከእነሱ ሩብ አይሞሉም።

ከዚህ የሚከተለው መጠይቁ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከጤና ባለሙያ ጋር ለመነጋገር በቂ ምክንያት ይሰጣል፤ የመጨረሻ ፍርድ ግን አይሰጥም። ነጥቡን ብቻ አሳይቶ የሚዘጋ መተግበሪያ 30 ጤነኞችን አስደንግጦ፣ 9 ታማሚዎችንም ያለ ረዳት ትቶ ይሄዳል። ያመለጠውም አንድ ተማሪ ምንም የለብኝም ብሎ ይተኛል።

የአካባቢ ልማድም ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። መጠይቁ ስለ ምግብ ፍላጎት መቀነስና ስለ እንቅልፍ ይጠይቃል። ለ55 ቀን የሁዳዴ ጾም ላይ ያለ፣ ወይም ለማኅሌት ሌሊቱን የቆመ የላሊበላ የአብነት ተማሪ ለእነዚህ ጥያቄዎች ከፍ ያለ ነጥብ ቢሰጥ ጾሙና ጸሎቱ እንጂ ድባቴ ላይሆን ይችላል። ጠያቂው ሰው ሲሆን ይህን ያጣራል፤ ቦት አያጣራም።

የቋንቋ ጉዳይ

የአማርኛ ተናጋሪ ሲከፋው ድባቴ ይዞኛል አይልም። ጨነቀኝ፣ ሆዴ ባባ፣ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ከበደኝ፣ ሰው አስጠላኝ ይላል። ብዙውን ጊዜም የሚናገረው ስለ አካሉ ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ የተተረጎመ ጥያቄ የሚፈልገውን መልስ ላያገኝ ይችላል።

ለኮምፒውተርም ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። አእምሮ የሚለው ቃል ራሱ አዕምሮ ተብሎም ይጻፋል፤ ጸሎትና ፀሎት፣ ሀሳብና ሐሳብ እንደዚሁ። ሞክሼ ፊደላትን አንድ የማያደርግ ፍለጋ ግማሹን መልእክት ይስታል። በዚህ ላይ ተማሪዎች በስልክ ሲጻጻፉ አማርኛን በላቲን ፊደል፣ ከእንግሊዝኛ ጋር ቀላቅለው ይጽፋሉ። በዘርፉ ከተሠሩት መካከል ኢትዮኢሞ የተባለው የጽሑፍ ስብስብ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ የተጻፉ መልእክቶችን በያዙት ስሜት ለይቶ ያስቀመጠ ነው። ስሜትን መለየት ግን ሕመምን መለየት አይደለም፤ ያዘነ ሁሉ አልታመመም።

ላስታና የወሎ ደጋ፦ ጦርነትና የኔትወርክ መቋረጥ

ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ድረስም ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ተዘዋውራለች። በዚያ ጊዜ የስልክ፣ የመብራትና የባንክ አገልግሎት ተቋረጠ። የላሊበላ፣ የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ተዘረፉ፤ የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎችም ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። ተማሪዎች ቤተሰብ አጥተዋል፣ ተፈናቅለዋል፣ ያዩትን አይተዋል።

ከፕሪቶሪያው ስምምነት (ጥቅምት 2015 ዓ.ም) በኋላ የመጣው እፎይታ አልዘለቀም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ መገናኛዎች በመላው አገሪቱ ተገድበው ቆዩ። ሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተቀስቅሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ አብዛኛው ክፍል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል።

ስለዚህ በዚህ አካባቢ ድጋፍ በጣም ያስፈለገበት ጊዜና ኢንተርኔት የጠፋበት ጊዜ አንድ ነው። ከአገልጋይ ኮምፒውተር ጋር ሳይገናኝ የማይከፈት መተግበሪያ በእነዚያ ወራት ለላሊበላም ሆነ ለደላንታዋ ወገል ጤና ተማሪ ከባዶ አዶ የተለየ አልነበረም። የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፦ ቀድሞ የወረደ ጽሑፍ፣ በሚሞሪ ካርድ የተጫነ የድምፅ ቅጂ፣ በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ ፋይል፣ ሬዲዮ። ወጣቶች መዝሙርና ዘፈን የሚለዋወጡበት መንገድ ይኸው ስለሆነ አዲስ ልማድ ማስተማር አያስፈልግም። በትምህርት ቤት ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አነስተኛ አገልጋይ ኮምፒውተር ተተክሎ፣ ተማሪዎች በዋይፋይ ኪዊክስን በመሰለ ሶፍትዌር ማንበብ ይችላሉ።

የሰው ሰንሰለቱም አለ። በየቀበሌው የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መረጃ የሚመዘግቡበት የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት የተዘረጋው በታብሌት ኔትወርክ በሌለበት ተመዝግቦ፣ ኔትወርክ ሲገኝ እንዲላክ ሆኖ ነው። ተማሪ በእግሩ ሊደርስበት የሚችለው የጤና ኬላና መምህሩ ነውና፣ ለእነሱ የሚዘጋጅ ዲጂታል መመሪያ ለተማሪው ከሚዘጋጀው መተግበሪያ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል።

ቻትቦት

ከሰው ጋር እንደ አማካሪ የሚነጋገር ፕሮግራም አዲስ ነገር አይደለም። ጆሴፍ ዋይዘንባውም በኤምአይቲ የሠራው ኤሊዛ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ የተጠቃሚውን ዓረፍተ ነገር ወደ ጥያቄ እየገለበጠ ከመመለስ በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሰዎች ግን ምስጢራቸውን ያጫውቱት ነበር፤ ይህ ሠሪውን ራሱን አስደንግጦታል። ዎቦት የተባለው ቻትቦት እ.ኤ.አ. በ2017 በ70 ወጣቶች ላይ ለሁለት ሳምንት ተፈትኖ የድባቴ ምልክትን መቀነሱ ታይቷል። ይሁንና እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2025 መተግበሪያው ተዘጋ። ጥሩ የሚሠራ መሣሪያም ባለቤቱ ሲወስን ከተጠቃሚው ስልክ ሊጠፋ ይችላል።

አሁን ተማሪዎች ለቤት ሥራ የሚጠቀሙባቸው አጠቃላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች በአማርኛም ይመልሳሉ። ለአእምሮ ሕክምና ግን አልተሠሩም። ተጠቃሚውን ደስ ለማሰኘት የሚስማሙበት ጊዜ አለ፤ የተሳሳተ ስልክ ቁጥር ወይም የሌለ ተቋም ስምም በልበ ሙሉነት ሊሰጡ ይችላሉ።

አስቸኳይ ሁኔታ

ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ተማሪ የሚያስፈልገው አጠገቡ የሚሆን ሰው ነው። ይህን የሰማ ጓደኛ ብቻውን ሳይተወው፣ ስለ ሁኔታው በግልጽና በእርጋታ ጠይቆት፣ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አብሮት ቢሄድ፣ በግቢ ውስጥ ከሆነም የዶርም ኃላፊውን ወይም የተማሪዎች ክሊኒክን ቢያሳውቅ ተገቢ ነው። ስለ ጉዳዩ መጠየቅ አሳቡን ያመጣል የሚለው ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም። ምስጢር ጠብቅልኝ ቢባል እንኳ እንዲህ ያለው ምስጢር አይጠበቅም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚጠራው በ907 ነው።

ምስጢር መጠበቅ

የቴሌግራም ቦት የሚቀበለውን መልእክት ሁሉ የቦቱ ባለቤት ሊያነበው ይችላል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረው በሁለት ሰዎች መካከል የሚከፈተው ምስጢራዊ ውይይት ብቻ ነው። ስም አይጠየቅም የሚል ቦትም ቢሆን የተጠቃሚውን የቴሌግራም መለያ ያያል። በጉግል ፎርም የሚሞላ መጠይቅም መልሱ ፎርሙን ያዘጋጀው ሰው ዘንድ ይቀመጣል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚሹት መካከል ይመድባል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የተማሪዎችን የልየታ ውጤት የሚሰበስብ ክበብ ወይም ክፍል ሕጉ ይመለከተዋል። ሕጉ የማይደርስበት ግን ሌላ ነው፤ ስልክ በወንድማማች መካከል በጋራ ይያዛል፣ ዶርም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ስክሪን ሾት በደቂቃ ግቢውን ያዳርሳል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አዘጋጆች የመተግበሪያውን ስምና አዶ ከሕመም ጋር የማይያያዝ ያደርጉታል፤ መልእክቱ በስልኩ መቆለፊያ ገጽ ላይ ሲመጣም ይዘቱ ሳይታይ አዲስ መልእክት አለ ብቻ እንዲል ያደርጋሉ።